ዋስ ያለውና ዋስ የሌለው

በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከነጋዴዎች ክፍል የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት አረጋውያኑ እንዲናገሩ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት መምህራኑ እንዲናገሩ፣ እኛ ነጋዴዎቹ ደግሞ ስለ እስርና ስለ ዋስትና እንድንናገር መድቦናል። ለበዓል የሚመች ርዕስ አይደለም ያላችሁ አላችሁ። ድፎው ተቆርሶ፣ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ስለ ሐራሳ ማውራት ማንንም ደስ አያሰኝም። ይሁን እንጂ የማኅበሩን የገንዘብ መዝገብ የገለጠ ሁሉ እንደሚያየው፣ በእነዚህ 25 ዓመታት ከቀብር ቀጥሎ ብዙ ያዋጣነው ለታሰረ ሰው ነው። ጉዳዩ ለነጋዴዎች የተሰጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ሌሊት ሰው ሲያዝ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የባለ ዱካኑን በር ነው፤ ሩኽሳ ያለው፣ ግብር የከፈለበት ወረቀት ያለው፣ ፖሊሱም በስሙ የሚጠራው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንናገር እንግባባ። በአገራችን ፍርድ ቤት ገደብ የሚባል ነገር አለ። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ካለ በኋላ ቅጣቱን ወዲያው አያስፈጽምም፤ ሰውየው አመሉን እንዲያሳይ ጊዜ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይልከዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ይህ የፈተና ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። አመክሮ የሚባለውም አለ፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ቀሪውን በውጭ እንዲጨርስ የሚፈታበት ነው። እዚህ ሱዳን ደግሞ አብዛኞቻችን የምናውቀው ተዓሁድና ዳማና ነው፤ ዳግመኛ አልደርስበትም ብሎ መፈረም፣ ዳሚን ጠርቶም መውጣት። ስማቸውና ሕጋቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በግንብ ሳይሆን በሰው ያስጠብቃሉ።

ይህም ለእኛ ሕዝብ አዲስ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ፣ በቁራኛ ሆኖ ዳኛ ፊት ይሄድ ነበር። ዋስ የጠራው ግን እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥፋቱ ማነስና መብዛት አልነበረም፤ አንዱ ሰው አለው፣ ሌላው ሰው የለውም። እኛም ዛሬ የምናነሳው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐበሻው ከሱዳናዊው እኩል ጥፋት አጥፍቶ ለምንድን ነው ረዘም ላለ ጊዜ የሚታሰረው?

በዚህ ምሥራቃዊ አካባቢ ካሉት ከተሞች በአንዱ የሆነውን እንንገራችሁ። ከተማውንም ጣቢያውንም አንጠራም። ሁለት ወጣቶች በእህል ገበያ ሚዛን አጠገብ በሰሊጥ ጆንያ ተጣልተው ተደባደቡ። አንዱ የአገሬው ልጅ ነው፤ አንዱ የእኛ። የአንዱ ከንፈር ተሰንጥቋል፣ የሌላው ቅንድብ ደምቷል፤ ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለቱም በአንድ መኪና ተጭነው ገቡ፤ የተመዘገበባቸውም አንድ ዓይነት ክስ ነው። ከመግሪብ በኋላ የሱዳናዊው አጎት ጃላቢያውን አስተካክሎ መጣ፤ ከፖሊሱ ጋር ሰላምታው ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ጊዜ ወሰደ፤ ፈረመ፣ የወንድሙን ልጅ ይዞ ሄደ። የእኛው ልጅ 19 ቀን ተቀመጠ። በ20ኛው ቀን ሁለቱም ዳኛ ፊት ቀረቡ፤ ዳኛውም ሁለቱን እኩል ቀጣቸው፤ እኩል ገራማ፣ እኩል ተዓሁድ።

ዳኛውን አንከስስም፤ ፍርዱ ትክክል ነበር። ልዩነቱ ግን ማንም በማይጽፈው በ19ኙ ቀን ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀኖች የሰሊጡ አጨዳ አለቀ፤ አሠሪው ሌላ ሰው ተካ፤ ልጁ ከደጋ የመጣበትን ዕዳ ሳይከፍል ዓመቱ ሄደ። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ያየ ሰው ሁለት እኩል ቅጣት ያያል፤ አድልዎ አለ ብትሉትም አያምናችሁም።

እኛ ባለ ዱካኖች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባናል። ዱቤ የምንሰጠው ለማን ነው? ለምናውቀው ነው። እናቱ የት እንደምትኖር፣ ደመወዙን መቼ እንደሚቀበል፣ ባይከፍል ማንን እንደምንጠይቅ ለምናውቀው ሰው ስኳሩንም ዘይቱንም እንመዝናለን። ትናንት ከመኪና ለወረደ ሰው ግን ፊቱ የመልአክ ቢሆን እጃችን ያመነታል። ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። መርማሪውም እንደዚሁ ነው። ከሁሉም በፊት የሚጠይቀው፣ ይህን ሰው ብለቀው ነገ የት አገኘዋለሁ የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሐበሻ መሆንን ብቻ የሚጠላ ሰው ያጋጥማል፤ ይህን አንክድም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ያለ ጥላቻ፣ በጨዋ ፖሊስና በጨዋ ዳኛ እጅ ነው። ስለዚህም ነው ለማስቆም የሚከብደው፤ የሚወቀስ ሰው የለበትምና።

እንግዲህ ለምን አንታወቅም? ከ20 እና ከ30 ዓመት በላይ የኖርንበት አገር ነው። አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። ከእኛ መካከል በደርግ ዘመን የተሰደዱት ብዙዎቹ ቢጣቃ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ፣ ከ1991 በፊት የወጡ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት ምክንያታቸው አብቅቷል ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተወሰነ። የተመለሰ ተመለሰ፤ ኢቃማ ማውጣት የቻለ አወጣ፤ ብዙው ግን እዚሁ ልጅ ወልዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በወረቀት በኩል ግን ዛሬ እንደገባ ሰው ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በሐምዳዬትና በሉግዲ በኩል ገብተው ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ የተወሰዱት ወገኖቻችን፣ ካርድ ቢኖራቸውም ካርዱ የሚያገለግለው በካምፕ ውስጥ ነው። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል ስለ መዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ ለብቻ አስቀርታ ነው የተቀበለችው። ስለዚህ ከካምፕ ወጥቶ ገበያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲያዝ አድራሻህ የት ነው ቢባል እውነቱን መናገር ራሱ ሁለተኛ ክስ ይሆንበታል። አድራሻ የሌለውን ሰው ደግሞ በክትትል ልቀቅ ብሎ ዳኛን መለመን አስቸጋሪ ነው።

የስማችንም ነገር አለ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን ስንቱን አስቀርቷል። ሱዳናዊ ስሙን ሲናገር እስከ ቅድመ አያቱ ይቆጥራል። እኛ በራስና በአባት ስም እንቆማለን። ገብረ ሥላሴ በአንዱ ወረቀት ላይ ገብረ ብቻ ነው፤ በሌላው ሥላሴ የአባቱ ስም ሆኗል፤ በሦስተኛው ደግሞ ጸሐፊው በመሰለው በዓረብኛ ጽፎታል። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ሰው። መርማሪው ይህ ሰው ስሙን ይለዋውጣል ብሎ ቢጠረጥር ምን ይገርማል?

ቋንቋ ሌላው ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ዓረብኛቸው ከአገሬው አይለይም። ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ወይም ከወልቃይት ለሥራ የመጣው ግን ሁለት ወር ባልሞላው ዓረብኛ ቃሉን ይሰጣል። አስተርጓሚ ተብሎ የሚጠራው በአብዛኛው በአቅራቢያው የተገኘ ሰው ነው፤ አንዳንዴም የከሳሹ ጓደኛ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ቋንቋውን ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ይተርጎምለት ይላል። ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1986 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ይህንኑ ይላል። በተግባር ግን ሰው የማያነበውን ተዓሁድ ፈርሞ ይወጣል። በየሳምንቱ እየመጣህ ፈርም የሚል ቃል በውስጡ እንዳለ የሚያውቀው ዳግመኛ ሲያዝ ነው።

ቁጭ ብለን ልናስብበት የሚገባን ግን ይህ በየሳምንቱ መፈረም የሚባለው ነው። የዚህ አገር የሥራ ዘመን የታወቀ ነው። ሰሊጥ በሐምሌ ይዘራል፣ በነሐሴ ይታረማል፣ በጥቅምት ይታጨዳል፤ ማሽላው ደግሞ ከታኅሣሥ በኋላ ይከተላል። ሳሉግ የሚባለው ሠራተኛ አረሙ ካለበት ወደ አረሙ፣ አጨዳው ካለበት ወደ አጨዳው ይሄዳል፤ ሩቅ እርሻ ላይ በራኩባ ሥር አድሮ ወር ሙሉ ከተማ አያይም። ይህን ሰው በየሐሙሱ መፋዛ መጥተህ ፈርም ማለት ሥራህን ተው ማለት ነው። ሥራውን ቢተው ገራማውን በምን ይከፍላል? ቢሄድ ደግሞ ተዓሁዱን አፈረሰ ተብሎ ይፈለጋል። ቋሚ ቤትና ቋሚ ዱካን ላለን ለእኛ ያው ፊርማ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ትእዛዝ ለአንዱ ነፃነት፣ ለሌላው ወጥመድ ይሆናል።

ስለ እናቶችና እህቶች ሳንናገር አናልፍም። በየመንገዱ ዳር ጀበናና ሻይ ይዘው የሚቀመጡ፣ ችግር ሲጠናም አረቄ የሚያወጡ ሴቶች የመጀመሪያዎቹ ተያዦች ናቸው። ይህ የሐበሻ ሴት ዕጣ ብቻ አልነበረም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ ከደቡብ በጦርነት የተፈናቀሉ፣ መጠጥ ጠምቀው በመሸጥ የተቀጡ፣ ገራማውን መክፈል ያቃታቸው እናቶች እንደነበሩ ብዙ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የሕዝባዊ ሥርዓት ሕጉ ተሻረ፤ በጁላይ 2020ም ሌሎች ማሻሻያዎች ወጡ፤ ሙስሊም ላልሆነ ሰው በግል መጠጣት ተፈቀደ። መልካም ነው። ግን ገራማ መክፈል ያልቻለ ይታሰራል የሚለው ሕግ ባለበት አለ። ሕጉ ሀብታምና ድሀ አይልም፤ ኪስ ግን ይላል። ሴት ልጅ ስትታሰር ደግሞ ልጆቿ ቤት ተዘግቶባቸው ነው የሚቀሩት። እዚህ ላይ የምንደብቀው ነገር የለም፤ የዋስ ደላላ የሚባል ሰው በመካከላችን ተፈጥሯል። ዳሚን እሆንሻለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል አለ፤ ከገንዘብ የከፋ ነገር የሚጠይቅም አለ። የሚሰሙን ይስሙን።

ድንበሩን ብቻውን አቋርጦ የሚመጣ ልጅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሱዳን የሕፃናት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው አስረክቦ በክትትል ማቆየትን ይፈቅዳል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ወላጁ ጎንደር ወይም ባሬንቱ ላለ ልጅ ግን የሚረከበው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 ከተነሳው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል። በ2024 ክረምት ከሲንጃና ከዲንደር የሸሸው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ሲጎርፍ ያየነው ነው፤ ያለንን ተካፍለናል፤ እነርሱም እኛ በመጣን ጊዜ አካፍለውናልና። ነገር ግን ጦርነት ባለበት እንግዳ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ቀድሞ በተዓሁድ ይለቀቅ የነበረ ነገር ዛሬ ይጣራ ተብሎ ይቆያል። ከሻ ሲነሳም ኤርትራዊው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ ሁሉም በአንድ መኪና ላይ ሐበሺ ነው።

ይህ የሱዳን ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ ከሩቅ አገር ያለውን ጥቂት እንንገራችሁ። ከዚህ ተነስተው በአሜሪካ የሰፈሩ ልጆቻችን ለዚህ ቀን ንግግር ብለን ስንጠይቃቸው ተርጉመው የላኩልን ነው። ገደብ የሚባለውን ነገር በአሜሪካ የጀመረው ዳኛ አልነበረም። ጆን ኦገስተስ የሚባል የቦስተን ጫማ ሰሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ የተጎሳቆለ ሰካራም ሲቀርብ አየ፤ አነጋገረውና ዋስ ሆኖ ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመልሰው ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ዳኛውም በአንድ ሳንቲምና በፍርድ ቤቱ ወጪ ብቻ ቀጥቶ አሰናበተው። ያ ጫማ ሰሪ እስከ 1858 ድረስ ለ1,946 ሰዎች ዋስ ሆኗል። ሱቁ ደንበኛ ሳይጎድልበት አልቀረም ብለን እናስባለን፤ ፍርድ ቤት የሚውል ሰው ጫማ መቼ ይሰፋል? የማሳቹሴትስ መንግሥት ነገሩን በሕግ አድርጎ ደመወዝተኛ የሾመው በ1878 ነው፤ እሱ በ1859 ከሞተ በኋላ።

አሁን ግን በዚያው አገር ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ከ55 አዋቂዎች አንዱ በገደብ ወይም በአመክሮ ክትትል ሥር ነበር። ከነጮች ከ81 አንዱ ሲሆን ከጥቁሮች ግን ከ23 አንዱ ነበር። ጥቁሮች ከአገሩ አዋቂ 13 በመቶ ሲሆኑ በክትትል ካለው ሕዝብ 30 በመቶ ነበሩ። በ2014 አርባን ኢንስቲትዩት የሚባል የጥናት ድርጅት አራት ቦታዎችን መርምሮ፣ በአራቱም ጥቁሮች ገደባቸው የሚሰረዝበት መጠን ከነጮቹ የበለጠ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው የሚመለሰውም አዲስ ወንጀል ሠርቶ ሳይሆን በቀጠሮ ቀን ባለመገኘት፣ ክፍያ ባለመክፈል፣ አድራሻ በመቀየር ነው። ሳሉጉን አስታወሳችሁ? ዳላስና መፋዛ በምንም አይገናኙም፤ በዚህ ግን ይገናኛሉ።

በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2017 ዴቪድ ላሚ የተባለ የምክር ቤት አባል፣ ወላጆቹ ከጉያና የመጡ ጥቁር ሰው፣ መንግሥት ጠይቆት ይህንኑ መረመረ። ከእንግሊዝና ከዌልስ ሕዝብ 14 በመቶ የሆኑት ጥቁሮች፣ እስያውያንና ሌሎች አናሳዎች ከእስረኛው 25 በመቶ ሆነው ተገኙ። እኛን የማረከን ግን ቁጥሩ ሳይሆን ያቀረበው ሐሳብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በዘሮች መካከል ልዩነት ከታየ፣ መሥሪያ ቤቱ ልዩነቱን በማስረጃ ያስረዳ፤ ማስረዳት ካልቻለ አሠራሩን ይለውጥ አለ። ለዚህም መዝገብ ያስፈልጋል። እኛ እዚህ ስንት ሰው እንደተያዘ፣ በስንት ቀን እንደወጣ፣ ለምን እንደቆየ የጻፍንበት ደብተር የለንም። የአንድ ኪሎ ምስር ዱቤ ቀኑ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የሰው 19 ቀን ግን በቃል ይቀራል። ከባለሥልጣኑ ፊት ቀርበን ሐበሻ ይበደላል ብንል ሙግት ነው የሚሆነው፤ ደብተር ይዘን ብንቀርብ ግን ሒሳብ ነው። የሚያዳምጡ ሹማምንት አሉ፤ ቀርበን አይተናቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ይህን ክፍል ከሌላው ይልቅ ለመናገር ከብዶናል። እኛስ ዋስ የምንሆነው ለማን ነው? ድሮ በዚህ ማኅበር ሐበሻ ነው ከተባለ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ግን ልጁ የማን ነው፣ ከየት ወረዳ ነው፣ አባቱ በየትኛው ወገን ነበር የሚል ጥያቄ ከዋስትናው በፊት ይቀድማል። ትግሬው ሲያዝ አማራው ባለ ዱካን በሩን አይሰማም፤ አማራው ሲያዝ ትግሬው ስልኩን ያጠፋል። ቅማንቱና ጉሙዙ ደግሞ መጀመሪያውኑም ሁለታችንንም አያንኳኳም፤ እንደማንከፍትለት ያውቃልና። ፖሊሱ አንድ መኪና ላይ አንድ አድርጎ የጫነንን እኛ ጣቢያ በር ላይ ቆመን እንለያየዋለን። ሱዳናዊው ለምን እኩል አያየንም ብለን ለመጠየቅ አፋችን የሚሞላው ይህን ስናቆም ነው። አገር ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ከጦርነቱ ሸሽቶ መተማን አልፎ የተጠለለው ሱዳናዊ በእኛ ዳኛ ፊት ዋስ ጥራ ቢባል ማንን ይጠራል? ወይስ ከወሎ ለአረም መተማ የወረደው ሳሉግ፣ መታወቂያው የሌላ ቀበሌ የሆነበት፣ እዚያ ማን አለው?

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው። ሩኽሳ ያለን ነጋዴዎች በፈቃዳችን የዋስ ተራ እንገባለን፤ በየሳምንቱ ሁለት ሰው፣ ሌሊትም ቢሆን ስልኩ ክፍት ይሆናል። ተረኛው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ስሙንና የተያዘበትን ምክንያት። ወረዳና ጎሳ አይጠይቅም፤ ኤርትራዊም ከሆነ ይሄድለታል። የሚጠፋው ገንዘብ በተረኛው ላይ አይወድቅም፤ ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈናል። ዋስ የሆኑለት ሰው ጠፍቶ ገንዘቡ የሄደባቸው ነጋዴዎች እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በራቸውን ዘጉ፤ አንፈርድባቸውም። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሴት ስትያዝ ከተረኛው ጋር ከእናቶች ክፍል አንዲት ሴት አብራ ትሄዳለች፤ አንድ ወንድ ብቻውን አይሄድም። ብቻውን ለተገኘ ልጅ የሚረከቡት ቤተሰቦች አስቀድመው ይመዘገባሉ። ለሳሉጉ፣ ፊርማው ሥራው ባለበት አቅራቢያ ባለ ጣቢያ እንዲሆን ዳኛውን በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ ከሐዋታና ከዶካ የመጣችሁ ወንድሞች በዚያ ተከታትላችሁ ልታሳውቁን ፈቃደኛ መሆናችሁን ነግራችሁናል፤ እናመሰግናለን። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት በአንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለቆንስላው ይነገርለታል ይላል። ሰውየው ከፈቀደ ብቻ እንናገርለታለን፤ ስደተኛ ከሆነና ካልፈቀደ ስሙን ለማንም አንሰጥም፤ የስደተኞች ሙዕተመዲያ ግን እንዲያውቅ እናደርጋለን።

በአንድ ነገር ላይ አልተስማማንም፤ ጉባኤው ይወስን። በሰው ንግድ የተከሰሰ ሰው ዋስ ይሁንለት ወይስ አይሁንለት? ከእኛ የሚበዙት አይሆንም ብለዋል። ልጆቻችንን በሽፍታ እጅ ያስገቡ ሰዎች አሉና የብዙዎቻችን ቤት ቁስል ነው። ግን ማንም እስኪፈረድበት ድረስ የተከሰሰ እንጂ ያጠፋ አይደለም የሚሉም አሉ፤ አነጋገራቸው ቀላል አይደለም። በሁለቱም ወገን የተስማማነው አስተርጓሚና ምግብ ለማንም እንዳይከለከል ነው።

ደብተሩን ከዛሬ እንጀምራለን። ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገቦች አሉ። አንዱ ዋስ ለመሆን ለፈቀዳችሁ ነው፤ ሁለተኛው የቤተሰብ ነው። በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ስማችሁን ከአያት አልፋችሁ እስከ ቅድመ አያት አጻፉ፤ በኢቃማችሁ ወይም በቢጣቃችሁ ላይ ያለው የዓረብኛ አጻጻፍ ምን እንደሆነ ወረቀቱን አሳዩ። ዓረብኛውን የሚጽፉት እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ናቸው፤ እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ወረቀት የሌላችሁም ተመዝገቡ፤ መዝገቡ ከማኅበሩ ሣጥን አይወጣም።